ደረቅ መሸኛ

ሀሴት ከወንዝ ዳር ክልል ወደ ጉብታ ክልል የተዛወረችው አስፋልት ተሻግራ ነው። ሁለቱን ክልሎች የሚለያቸው ያ አስፋልት ነው፤ ከታች ያለው መደዳ ወንዝ ዳር ነው፣ ከላይ ያለው ጉብታ። አልጋዋንና ቁም ሣጥኗን በጋሪ አስጭና፣ መኪና እስኪያልፍ ጠብቃ ተሻገረች፤ በቃ። ልጇ ሶልያና መንታ ወልዳ «እማዬ፣ ብቻዬን አልቻልኩም፣ ነይልኝ» ስትላት ምን ታድርግ? ድሮ፣ አገሩ ገና በጣት በሚቆጠሩ ክልሎች ተከፍሎ ሳለ፣ ይሄ ነገር ቤት መቀየር ይባል ነበር አሉ። አሁን ስሙ «ክልል ተሻጋሪ የነዋሪነት ሽግግር» ሆኗል።

ሌላ ሰው ብትሆን እዳው ገብስ ነበር። ሀሴት ግን የኢንሹራንስ ወኪል ናት። ወኪል የሚሠራው በነዋሪነት ፈቃድ ነው፣ ፈቃዱ ደግሞ የሚጸናው ሰውዬው በሚተኛበት ክልል ብቻ ነው። ጉብታ በተኛች ማግስት ፈቃዷ ታገደ። በስሟ የተፈረመው ውል ሁሉ አብሮ ተንጠለጠለ። የወንዝ ዳር ሰው በሙሉ የጎርፍ መድን የገባው በእሷ በኩል ነው፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ፈቃዷ ካልተዛወረ ውሎቹ ይሞታሉ። ወንዙ ደግሞ ቀጠሮ አያፈርስም። ባለፈው ክረምት የእድሩን ዳኛ የጋሽ ናቲን ሳሎን ከነሶፋው ይዞ ሄዷል፤ ያንን ሳሎን መልሶ ያቆመው የሀሴት ውል ነው።

«ኧረ ቀላል ነው» አላት ኢዮሲያስ። ኢዮሲያስ የጉብታ የፈቃድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ፣ ጨዋ፣ ክፉ የማይወጣው ወጣት። «ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት፣ እትዬ ሀሴት። ከወንዝ ዳር ደረቅ መሸኛ ያመጣሉ። ከዚያ እዚህ ይለቀስልዎታል። አለቀ።»

«መሸኛውን በዚህ ሳምንት አመጣዋለሁ» አለች ሀሴት እየሳቀች። «ለኢንሹራንስ ሻጭ ማን ያለቅሳል ብለህ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። መታወቂያ በየክልሉ እየተገዛ፣ አንድ ሰው አምስት ቦታ ነዋሪ እየሆነ ሲያስቸግር፣ የበላዮቹ ቁጭ ብለው መከሩና አንድ የማይጭበረበር ነገር አገኘን አሉ፦ ሰው ነዋሪ የሚሆነው ቢሞት በሚለቀስለት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ከመብራት ቆጣሪው ጎን የእንባ ቆጣሪ ተሰቀለ። የሚዛወር ሰው በቁሙ ድንኳን ይተከልለታል። የሚለቀው ክልል ማንም እንደማያለቅስለት አረጋግጦ ደረቅ መሸኛ ይሰጠዋል፤ የሚገባበት ክልል ደግሞ እንደሚለቀስለት አረጋግጦ ይቀበለዋል። የቤተሰብ እንባ አይቆጠርም። ቆጣሪው ማን እንዳለቀሰ አንድም አይስትም። ለማን እንዳለቀሰ ግን አያውቅም፤ ድንኳን ውስጥ የተለቀሰ ሁሉ ለድንኳኑ ባለቤት ነው ብሎ ይመዘግባል። እንግዲህ ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ለቅሶ ቤት ገብተው ያውቁ እንደሆነ እንጃ።

ጡሩምባ ነፊው በወንዝ ዳር ዞረ። «የእትዬ ሀሴት ለቅሶ ነገ ጠዋት ነው! የቀረ ይቀጣል! ያለቀሰ ግን ወዮለት!»

ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ሀሴት እንደ ደንቡ ፊት ለፊት ከራሷ ፎቶግራፍ አጠገብ ተቀመጠች። በሕጉ አጠራር «ተለቃሽ» ናት፤ ተለቃሽ መናገር አይፈቀድለትም፣ ንፍሮ መብላት ግን ይችላል። የክልሉ ቆጣሪ አንባቢ መሣሪያውን ከምሰሶው ላይ ሰቅሎ ሥሩ ተቀመጠ። መርፌው ካልተነቃነቀ መሸኛው እዚያው ይሰጣል።

ሰዉ ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። ማልቀስ ማለት ቤቱን ለወንዙ ማስረከብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ናቲ ዓይናቸውን ድንኳኑ ጣሪያ ላይ ተክለው ስለ ሲሚንቶ ማሰብ ጀመሩ፤ ስለ ሲሚንቶ እያሰበ ያለቀሰ ሰው አላውቅም ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ ሲመክሩ ነው የሰነበቱት። የሚሰማው የንፍሮ መቆርጠም ብቻ ነበር። ሀሴት በልቧ መሸኛዋን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች።

ከኋለኛው ወንበር እማማ ብሌን አፍንጫቸውን ሳብ አደረጉ።

ሁሉም ዞረ። እማማ ብሌን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መርፌው ብድግ አለ። አንድ ሰው ከጀመረ ለቅሶ ቤት ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ከፊት ያለችው ሴትዮ እናቷን አስታወሰች፣ አጠገቧ ያለው ወንድሙን፣ ጋሽ ናቲም ከሲሚንቶው ተነሥተው ወደ ሟች ሚስታቸው ሄዱ። ድንኳኑ በአንዴ ተናወጠ። ቆጣሪ አንባቢው ራሱ መሀረቡን አወጣና፣ ተመልሶ ሙያው ትዝ ሲለው ኪሱ ከተተው።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አላት ሲጨርስ። «በጣም የተወደዱ ነዋሪ ነዎት። መሸኛ መስጠት አይቻልም።»

ሀሴት መናደድ ሲገባት ደስ አላት፤ ይሄ እውነት ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። በተለይ የእማማ ብሌን እንባ ደስ አሰኛት። እማማ ብሌን ከእሷ ጋር ሰላምታ እንጂ ወሬ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ለካ ይወዱኛል አለች። ለምን እንደዚያ ቅልል እንዳላት ራሷን አልጠየቀችም።

ደስታው ግን የቆየው ደመናው ከወንዙ ማዶ እስኪታይ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ሀሴት ለመጠላት ቆርጣ ተነሣች። በየቀኑ አስፋልቱን እየተሻገረች ወንዝ ዳር ትወርዳለች፣ ሰላም ሲሏት ፊቷን ታዞራለች። የጋሽ ናቲን አዲስ ሳሎን በራቸው ላይ ቆማ «ይሄ ደግሞ ምኑ ሳሎን ነው፣ መጋዘን ይመስላል» አለቻቸው። የሰው ደጅ ላይ የዕቃ እጣቢ ደፋች። ሰዎቹ ተሰብስበው ተነጋገሩና ምስኪን፣ ከሰፈሯ መለየቱ አሟት ነው አሉ። ማታውኑ ምስር ወጥና ሾርባ በሳህን በሳህን ተሸክመው ጉብታ ድረስ ሄደው ጠየቋት። አንዷማ በር ላይ ተንሰቅስቃ አልቅሳ ተመለሰች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር አትችይበትም» አሏት ጋሽ ናቲ በነጋታው። «ሰው ራሱን ማስጠላት አይችልም። ለእኛ ተይው።»

«ምን ልታደርጉ ነው?»

«እናማሻለን። ፊትሽ ላይ። ሙሾ የግድ ሙገሳ ይሁን የሚል ሕግ የለም፣ አስነብቤ አጣርቻለሁ። ሰው እየተናደደ አያለቅስም።»

ሁለተኛው ድንኳን እንደ ሠርግ ነበር የተጀመረው። አልቃሿ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ደረቷን እየደቃች ያዘችው፦

«ሀሴት የኛ ጎበዝ፣ ውል አዋዋይ፣
ሰላምታሽ እንኳን ፊርማ አለው ወይ?

ገና ሳይዳምን ሰማዩ ሳይከፋ፣
ጎርፍ መጣ ትያለሽ ልባችን እስኪጠፋ።»

ድንኳኑ «እሰይ! ድገሚ!» አለ። ቆጣሪ አንባቢው ደንቡን አገላብጦ የሚከለክል ነገር አጣ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ሰዉ ተራ በተራ እየተነሣ ይናገር ጀመር። አንዱ በልጁ ሠርግ ላይ ሙሽራውን ጥግ ወስዳ የሕይወት መድን ልታስገባው እንደሞከረች ነገረ። ሌላዋ «ቤቴ ስትመጣ እኔን አታየኝም፣ ጣሪያውን ነው የምታየው» አለች። ሀሴት በመጀመሪያ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትታገል ነበር። እየቆየ የሚናገሩት ሰዎች ፊት ላይ ሳቁ እየቀነሰ መጣ። አንዱ ሰውዬ «እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ጠየቀችኝ፣ እውነት ነው። ቅጽ ይዛ ነው» ብሎ ሲቀመጥ ማንም እሰይ አላለም።

እማማ ብሌን ተነሡ።

«እኔ ስድብ አላውቅም» አሉ። «የሆነውን ልናገር። ያለፈው ጊዜ ያለቀስኩት ለሀሴት አይደለም፣ ይቅር በሉኝ፣ አስበላኋችሁ። ለሚኪያስ ነው። እዚህ ድንኳን፣ እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ልጄን ያለቀስኩት። ሚኪያስን ወንዙ ሲወስደው ይሄ ሰፈር በሙሉ መጣ። የማላውቀው ሰው ሁሉ መጣ። ሀሴት አልመጣችም። በር ለበር ነን፣ ልጄ እሷ ቤት ነው ያደገው። አልመጣችም።» ወደ ሀሴት ዞሩ። «ሌላ አገር ውል ልታዋውዪ ሄደሽ ነበር አሉኝ። እሺ። ስትመለሺስ? እኔ እኮ በሩን ገርበብ አድርጌ ነበር የምተኛው፤ ስትመጪ እንዳታንኳኪ ብዬ።»

ተቀመጡ። ማንም አላለቀሰም። ማንም አልሳቀም። ሀሴት አፏን ከፈተች፣ ተለቃሽ አይናገርም ብሎ ቆጣሪ አንባቢው በጣቱ ዝም አሰኛት። ብትናገርስ ምን ትላለች? እውነቱ ይሄው ነው። ያኔ ከመንገድ ስትመለስ ነገ እሄዳለሁ አለች፣ ነገ ደግሞ ከነገ ወዲያ ሆነ፣ ከዚያ አፈረች። ሐፍረቱ እየቆየ ሲሄድ በሩን ማለፍ እንኳ አቃታት። ሰዎች ዝም ብለው ተነሥተው ነጠላቸውን አራግፈው መውጣት ጀመሩ። በለቅሶ ቤት ወግ እንኳ እግዜር ያጥናሽ ያላት ሰው አልነበረም፤ ለነገሩ ሟቿም እሷው ናት።

«ፍጹም ደረቅ» አለ ቆጣሪ አንባቢው መርፌውን እያየ። «በሥራ ዘመኔ እንደዚህ ደረቅ አላየሁም። ይኸውና መሸኛዎት።»

ሀሴት መሸኛዋን ይዛ አስፋልቱ ዳር ቆመች። መኪና አልነበረም፤ ግን ለመሻገር ብዙ ቆየች።

የጉብታው ድንኳን ንጹሕ ነበር፤ ወንበሩ መደገፊያ ያለው፣ ንፍሮው በየሰው በትንንሽ ሳህን የቀረበ። የጉብታ ሰዎች ቅጣት ፈርተው መጡ። ጨዋዎች ናቸው። እየገቡ ለፎቶግራፏ እጅ ነሡ፣ ለእሷም እጅ ነሡ፣ ከዚያ ወንዶቹ ወደ ኋላ ሄደው ካርታ መጫወት ጀመሩ። ሴቶቹ ስለ ምግብ ቤት ዋጋ አወሩ። አንዲት ሴትዮ ግራ ቢገባት ወደ ሶልያና ጠጋ ብላ «ሟቿ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አለች።

«ይቻትና» አለች ሶልያና መንቶቹን እያባበለች። «ጠይቂያት።»

«መናገር አይፈቀድላቸውም አይደል» ብላ ሴትዮዋ ተመለሰች።

ኢዮሲያስ ከመሣሪያው ሥር ሆኖ ሰዓቱን ያያል፣ ውጭውንም ያያል። ሰማዩ ጠቁሯል። ጉብታ ላይ ሆኖ ወንዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከነወንዝ ዳር ጣሪያዎቹ፣ ከነጋሽ ናቲ ሳሎን። ዛሬ ካልተለቀሰላት ሌላ ተራ የሚደርሳት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ሶልያና እናቷን አይታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ የቤተሰብ ነው፣ መርፌው ዝም አለ። ኢዮሲያስ አዝኖ አንገቱን ነቀነቀ።

ሀሴት ድንኳኑን ዞር ብላ አየችው። አንድም የምታውቀው ፊት የለም። የለቅሶ ወንበር፣ የለቅሶ ንፍሮ፣ የሰው ጉምጉምታ። ሚኪያስ መጣባት፤ ወንዝ የወሰደው ትልቁ ሰውዬ ሳይሆን፣ ትንሹ፣ በሯን በእግሩ እየመታ «እትዬ፣ እናቴ የለችም፣ አንቺ ጋ ልብላ?» የሚለው። ከነጭቃው ሶፋዋ ላይ የሚወጣው። አንዴ «ስሞት መድን ይከፈለኛል?» ብሎ ጠይቋት በሳቅ ገድሏታል። ያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጣ አላለቀሰችለትም። ድንኳን ገብታ ስለማታውቅለት ነው መሰል፣ በልቧ እስከ ዛሬ የሆነ ቦታ ሄዶ የሚመለስ ልጅ ነበር።

«ወይኔ ሚኪዬ!» አለች። መናገር አይፈቀድም ነበር፣ ማን ሰምቷት። ደረቷን መታች። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ሳላለቅስልህ!»

ካርታ ተጫዋቾቹ እጃቸውን አቆሙ። ሶልያናን የጠየቀቻት ሴትዮ እንደ ልማዱ ተነሥታ ጀርባዋን ያዘቻት። መርፌው ቀዩን መስመር አለፈ፣ ጫፍ ደርሶ እዚያው እየተንቀጠቀጠ ቀረ።

ኢዮሲያስ ደንቡን አወጣ፣ አነበበ፣ መልሶ አነበበ።

«የቤተሰብ እንባ አይቆጠርም ይላል» አለ ቀስ ብሎ። «እርስዎ ደግሞ የራስዎ ቤተሰብ ነዎት አይልም። ተለቃሽ አይናገርም ይላል፣ አያለቅስም አይልም። ያሰበው ሰው የለም ማለት ነው።» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ ሀሴት። የጉብታ ነዋሪ ነዎት።»

ፈቃዷ እዚያው ታተመ። የወንዝ ዳር ውሎች ነፍስ ዘሩ። ለወንዝ ዳር ደግሞ ሌላ ወረቀት ጨመረላት፤ የነዋሪነት ፈቃዱ በሌላ ክልል ለጸና ወኪል የሚሰጥ፣ ነዋሪ ያልሆነ ወኪል ፈቃድ። «በዚህ መግባት፣ ማዋዋል፣ ካሳ ማስከፈል ይችላሉ» አላት። «አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። የለቀቀው ክልል ተመልሶ ያለቀሰ አልለቀቀም ይላል ደንቡ። እዚያ ቤት ውስጥ እንባዎ በቆጣሪ ከተነበበ ነዋሪነትዎ ወዲያው ወደዚያ ይመለሳል፣ የእኛ ፈቃድ ይሰረዛል፣ ውሎቹም አብረው ይወድቃሉ። እና እባክዎን፣ ወንዝ ዳር አያልቅሱ።»

በማግስቱ ሀሴት ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አስፋልቱን ተሻገረች። ጋሽ ናቲ ከሳሎናቸው በር አይተዋት፣ ሊጠሯት አፋቸውን ከፍተው ልብሷን ሲያዩ ተዉት። የእማማ ብሌን በር ዝግ ነበር። አንኳኳች።

«ማነው?»

«ሀሴት ነኝ። ለቅሶ ልደርስ ነው።»

ከውስጥ የነጠላ ጫማ ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ።

«የማን ለቅሶ?»

«የሚኪያስ።»

በሩ እስኪከፈት ጊዜ ወሰደ። እማማ ብሌን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ነጠላዋ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ዘገየሽ» አሉ።

«አዎ።»

«ግቢ።»

ገብታ ዝቅተኛው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የሚኪያስ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ነው፤ ከእሱ ጎን የመብራት ቆጣሪው፣ ከመብራቱ ጎን ደግሞ ያኛው። ሀሴት በመንገድ ላይ ስታዘጋጀው የመጣችው ብዙ ነገር ነበር፤ አንዱንም ልታገኘው አልቻለችም። «እግዜር ያጥናዎት፣ እማማ» ለማለት ስትሞክር ዓይኗ ሞላ።

እማማ ብሌን ዘለው ተነሡ። አገጯን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቷን ወደ ላይ ቀና አደረጉት።

«ዋ! እንዳታለቅሺ! ጣሪያዬ አለ። የናቲ ሳሎን አለ። የሰው ሁሉ ቤት አለ።»

«አልቻልኩም፣ እማማ።»

«ትችያለሽ። ያኔስ ችለሽ የለ?»

ሀሴት ይህን ሰምታ ዓይኗን ከዓይናቸው አሸሸች። እማማ ብሌን የተናገሩት ቃል ራሳቸውንም ሳያስደነግጣቸው አልቀረም፤ አገጯን ለቀቁና አጠገቧ፣ መሬቱ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እጇን ወስደው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍ ሁለቱም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«አንቺ ያዢው» አሏት ቀስ ብለው። «ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፣ ልጄ። የአንቺንም እኔ አለቅስልሻለሁ።»

ሀሴት ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ የእማማ ብሌንን እጅ ጭብጥ አድርጋ ያዘች። እማማ ብሌን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቆጣሪው መቁጠር ጀመረ፣ ሁሉንም በእማማ ብሌን ስም።